አንድ ድንጋይ ጎደለ

ግንቦት ሲያጋምስ፣ ጣና ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣
ዳርቻው እንደ ሽማግሌ ድድ ጥርሱን ያወጣል፤
ያን ጥርስ ነቃይ ነኝ እኔ፣
በቢያጆ የምሸጥ፣ ተሸክሜ በጎኔ።
ሽምብጥ ዳር ለሚሠራው ባለ ሰባት ፎቅ መሠረት፣
ድንጋይ እለቅማለሁ፣ ከንጋት እስከ ምሽት።
ደምለው አይሱዙውን አስነሥቶ ይጠብቀኛል፣
«ፍጠን እንጂ፣ ፀሐይ ወጣች» ይለኛል።

ያን ዕለት፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ቆሜ፣
አንዱን ጥቁር ድንጋይ ብገለብጠው አጋድሜ፣
ከሥሩ፣ እንዴት ልበለው፣
ጤፍ የተበተነበት የሚመስል ጣራ አለው።
ጤፍ ግን አይደለም፤ ያያል።
እያንዳንዱ ፍሬ ሁለት ጥቁር ነጥብ ይዟል፤
ዓይን ነው፣ ገና አካል ያልመጣለት፣
ከሰውነቱ በፊት ማየት የተሰጠው ፍጥረት።

አጠገቡ አንድ ዓሣ፣ ከትንሿ ጣቴ ያጠረ፣
አሸዋ የመሰለ፣ ግንባሩ የከረረ፣
ዓይኖቹ አናቱ ላይ ጉብ ያሉ፣
ከአጥር በላይ ጎረቤት የሚያዩ የሚመስሉ።
ሌላው ዓሣ ሁሉ ጥላዬን አይቶ ሲበተን፣
እሱ መጥቶ ነከሰኝ፣ አውራ ጣቴን።
ጥርስ የለውም መሰለኝ፤ ነክሶኝ አላመመኝም፤
ግን የነከሰኝ ቦታ እስካሁን አልተወኝም።

ከዓሣ ምርምሩ ግቢ ትርንጎ ትመጣለች፣ ቦቲ ጫማዋ እስከ ጉልበቷ፣
ማጉያ መነጽር አንጠልጥላ በአንገቷ።
ጠራኋት። ጎንበስ አለች። ብዙ ዝም አለች።
«አባትየው ነው» አለች፤ «እናትየው ሄዳለች፤
እንቁላሏን ጣራው ላይ ለጥፋለት።
ውሃው ከቆመ ይታፈናሉ፤ እሱ ነው ነፋስ የሆነበት፣
በክንፉ ያራግባል፣ ሌሊት የለ፣ ቀን የለ፣
ከዚህች ጉድጓድ ሳይርቅ፣ እየከሳ፣ እየቀለለ።
የሻገተውን ለቅሞ ይበላል፣ ደህናው እንዳይበከል፣
ረኃቡንና ሥራውን በአንድ ጉርሻ ሲያቻችል።
ዋናተኛም አይደል፤ የአየር ከረጢት አልተሰጠውም፣
ክንፉን ካቆመ ይሰምጣል፤ መንሳፈፍ አያውቅም።
የሆዱ ክንፎች ግን ተገጥመው ዋንጫ ሆነዋል፣
ማዕበል ሲመታ በነሱ ድንጋዩን ይጨብጣል።»

ስሙን ጠየቅኋት። ሳቀች። «በአማርኛ የለውም።»

እንድሪስን ጠየቅሁት፣ ታንኳውን በደንገል ሲያስር፣
ስልሳ ዓመት ጣና ላይ የኖረ፣ ዓሣን በሽታ የሚቆጥር፤
«ቆሮሶ አውቃለሁ፣ አምባዛ አውቃለሁ፣
ይሄን ከመረቤ ዓይን ሾልኮ ሲሄድ አያለሁ።
የማይሸጥ ዓሣ፣ ስም ምን ያደርግለታል?
ስም ያወጣንለትን ሁሉ በልተነዋል።»

ደምለው ክላክሱን ነፋ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ።
ድንጋዩ ክንዴ ላይ ነው፤ ውሃው በክርኔ ይወርዳል።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ዳር ስነቅል፣
ሥሩን አላየሁም፤ ፊቱን ነበር የማስተካክል።
የስንቱን ጣራ አንሥቼ መሠረት አደረግሁ?
በስንቱ ዓይን ላይ ሲሚንቶ አስፈሰስሁ?
አላውቅም። ማወቅም አልፈለግሁ፤ ዕቁብ ነበረብኝ፣
ልጄም የደብተር ጠየቀችኝ።

መለስሁት። በቀስታ። በነበረበት አኳኋን።
ከሥሩ ያለው ጨለማ ገጠመ፣ እንደ ክዳን።
ትንሽ ቆይቶ ከጥጉ ብቅ አለ፤
አሸዋ በአፉ ሞልቶ፣ ደጁ ላይ ተፋና ተመለሰ።
እኔን ረስቶኛል፤
ሥራ ነበረበት።

«ይሄ ጥግ አንድ ድንጋይ ይጎድለዋል» አለ ደምለው።
«አዎ» አልሁት፣ ላቤን እየጠረግሁ፣ «ይጎድለዋል፣ ተወው።»

ቅዱስ ሆንሁ አልልም። በማግሥቱም ጫንሁ።
ብቻ ሥሩን ገልብጬ ሳላይ ማንሣት ተውሁ፤
ደምለውም «ዘገየህ» ይላል፣ ከዋጋዬ ይቀንሳል።

አሁን ነሐሴ ነው። ሕንፃው አራተኛ ፎቅ ደርሷል።
ጣና መጥቶ ድንጋዩን ሸፍኖታል፤ ፈልጌ አላገኘውም።
ማታ ከዘጌ በኩል ነፋስ ሲነሣ ግን፣ ማዕበሉ ሲመታ፣
በሆዴ ተኝቼ፣
ፍራሼን እጨብጣለሁ።